የቀለበት አልማዝ ስትመርጡ፦ ከመሬት የወጣ፣ ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ ያደገ ወይስ ሌላ ድንጋይ?

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ተሞሸረ። "እታለም፣ ቀለበቱን አንቺ ነሽ የምትመርጪልኝ" ያለኝ ገና በኅዳር ነበር። ወርቅ ቢሆን ኖሮ አልጨነቅም። ወርቅ መግዛት ከእናታችን ተምረናል። ግራሙን ትጠይቃለህ፣ ካራቱን ታያለህ፣ በእጅ ዋጋው ትከራከራለህ፣ አለቀ። እሱ ያሰበው ግን አልማዝ ነው። እጮኛው አንድ ቀን ስልክ ላይ አይታ "እንዴት ያምራል!" ብላለች። ያችን ቃል ይዞ መጣ።

ሁለት ወር አነበብኩ፣ ጠየቅኩ። ባሕር ዳር ውስጥ አልማዝ አለን የሚሉ ወርቅ ቤቶችን አንድ በአንድ ዞርን። ዱባይ የሚኖር የአክስታችን ልጅም በቪዲዮ እየደወለ ድንጋይ ያሳየን ነበር። እነሆ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ዘንድሮም ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ወይም ሞጣ ሆኖ ስለ ቀለበት የሚያስብ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ገንዘቡ ደግሞ ላብ ያፈሰሰበት ነው።

ገንዘቡ ይቀመጥ ወይስ ያምር?

ከድንጋዩ በፊት ይህን ለዩ። በእኛ አገር ወርቅ ከጌጥነቱ ሌላ ቁጠባም ነው። እናቴ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ ሐብሏን ሸጣለች። ወርቅ ቤት ገባች፣ ተመዘነ፣ የዕለቱ ዋጋ ተነገራት፣ ብሯን ይዛ ወጣች። ሐብሉ ሃያ ዓመት አንገቷ ላይ ቆይቶ እንኳ በግራሙ ዋጋ አገኘ።

አልማዝ እንዲህ አይሠራም። የዕለት ዋጋ የሚባል ነገር የለውም። ሁለት ባለ አንድ ካራት ድንጋዮች ዋጋቸው በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ልሽጥ ብላችሁ ስትመጡ አብዛኛው ወርቅ ቤት የድንጋዩን ክብደት ቀንሶ ወርቁን ብቻ ነው የሚመዝነው። የተፈጥሮ አልማዝ እንኳ መልሶ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ከተገዛበት ዋጋ ግማሹን አያመጣም። ላቦራቶሪ ውስጥ ያደገው፣ የላብ አልማዝ የሚባለውማ፣ ጭራሽ ገዢ ማግኘቱም ያስቸግራል።

ስለዚህ ለወንድሜ ያልኩት ይህን ነው፦ ለክፉ ቀን የምታስበውን ብር ወርቅ ላይ አድርገው። ድንጋዩን ለአይኗና ለልቧ ግዛላት፤ ነገ ቢሸጥ ስንት ያመጣል ብለህ የምትጨነቅበትን ያህል ግን አትክፈልበት። ከዚህ በኋላ ያደረግነው ምርጫ ሁሉ ከዚች ነጥብ የመጣ ነው።

ደግሞም የአልማዝ ቀለበት የግድ የጋብቻ ምልክት የሆነው ከጥንት ጀምሮ አይደለም። ልማዱ በሰፊው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዲ ቢርስ የተባለው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ባካሄደው ማስታወቂያ ነው። ሙሽራዋ ካልፈለገችው በወርቅ ቀለበት መጋባት ምንም አይጎድለውም። ከፈለገች ግን ደስ ብሏችሁ ግዙ፤ ማወቅ ያለባችሁን አውቃችሁ።

ሁለቱ ካራቶች

በአማርኛ ሁለቱንም "ካራት" ስለምንላቸው ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወርቁ ካራት የንጽሕና መለኪያ ነው። 24 ንጹሕ፣ 21 ማለት 87.5 በመቶ፣ 18 ማለት 75 በመቶ ወርቅ። የድንጋዩ ካራት ግን ክብደት ነው። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፤ ግማሽ ካራት 0.1 ግራም።

አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ሻጩ "ይሄ አልማዙ 18 ካራት ነው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 18 ካራት አልማዝ ማለት 3.6 ግራም የሚመዝን፣ የትም ሱቅ እንዲህ በቀላሉ የማታገኙት ድንጋይ ነው። ሰውየው ሊያታልለን ፈልጎ አልነበረም፤ ስለ ወርቁ ነበር የሚያወራው። ጎኔ የቆመው ወጣት ግን "ዋው" ብሎ ነበር። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ሁለት አድርጉት፦ ወርቁ ስንት ካራት ነው? ድንጋዩስ?

ሌላም አለ። ብዙ ትንንሽ ድንጋይ የተደረደረበት ቀለበት "1 ካራት" ሲባል የሁሉም ድምር ማለት ነው። አንድ ብቻውን 1 ካራት የሚመዝን ድንጋይ ከዚያ በጣም ይወደዳል። "ድምሩ ነው ወይስ የመሀሉ ብቻ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አራቱ መለኪያዎች፣ እኔ በማስቀድማቸው ቅደም ተከተል

አልማዝ በአራት ነገር ይለካል፦ አቆራረጥ፣ ቀለም፣ ጥራት፣ ክብደት። ሻጮች ብዙ ጊዜ በክብደት ይጀምራሉ። እኔ በአቆራረጥ ጀምሩ እላለሁ፤ ሌላው ሁሉ ይቆይ።

አልማዝ የሚያበራው በራሱ አይደለም። ከላይ የገባው ብርሃን ታች ካሉት ገጾች ተጋጭቶ ወደ አይናችሁ ሲመለስ ነው። ክቡ አልማዝ 57 ወይም 58 ገጽ አለው። ገጾቹ በትክክለኛ ማዕዘን ከተቆረጡ ብርሃኑ ይመለሳል። ድንጋዩ ወደ ታች ከረዘመ ወይም ከሳሳ በጎንና በታች ያመልጣል፤ መሀሉ ይጠቁራል።

ይህን በአይኔ ያየሁት ዱባይ ያለው ልጅ ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን አድርጎ ሲያሳየን ነው። ሁለቱም ግማሽ ካራት። ሁለቱም ቀለማቸው አንድ። አንደኛው ስፋቱ 5.1 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 4.9። "የሁለተኛው ክብደት የት ሄደ?" ብዬ ጠየቅኩት። በጎኑ አዞረው። ሆዱ ወደ ታች ወርዷል። የምርመራ ወረቀቱ (ሰርተፍኬቱ) ላይ ጥልቀቱ የስፋቱ 67 በመቶ ይላል። ከላይ ሲታይ መሀሉ ላይ እንደ ጥላ ያለ ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ግን እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቦግ ቦግ ይላል። ሁለተኛውን የገዛ ሰው ማንም ለማያየው ክብደት ነው የከፈለው።

ለክብ አልማዝ ወረቀቱ ላይ አቆራረጡ "ኤክሰለንት" ወይም ቢያንስ "ቬሪ ጉድ" የሚል ፈልጉ። ጥልቀቱ ከ59 እስከ 62.5 በመቶ፣ የላይኛው ጠፍጣፋ ገጹ ከ54 እስከ 58 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ለኦቫል (ለሞላላው) እና ለሌሎች ቅርጾች እንዲህ ያለ የተረጋጋ ቁጥር የለም፤ እነሱን በአይን ካላያችሁ አትግዙ። ጫፈ ሹል የሆኑት ደግሞ ጫፋቸው በቀላሉ ይሸረፋል።

ክብደት ላይ ብዙ ብር ማዳን ይቻላል። የግማሽ ካራት ክብ ድንጋይ ስፋት 5.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአንድ ካራቱ 6.5 ገደማ። ክብደቱ እጥፍ ሆኖ ስፋቱ የጨመረው ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ በልጦ ነው። ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ ይዘላል፤ ድንጋይ ሲተልቅ የየካራቱ ዋጋም ይጨምራልና። ደግሞ 0.50 እና 1.00 ላይ ሲደርስ ሰው ስለሚሻማበት ዋጋው ድንገት ከፍ ይላል። 0.90 ካራት ስፋቱ 6.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጣት ላይ ሆኖ ከ1.00 የሚለየው ሰው አላየሁም።

ቀለም በእንግሊዝኛ ፊደል ይለካል። ከ"ዲ" ይጀምርና እስከ "ዜድ" ይወርዳል። "ዲ" ምንም ቀለም የሌለው ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ቢጫነቱ ይጨምራል። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር አለ። እኛ የምንወደው ቢጫ ወርቅ ነው። ቢጫ ወርቅ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የወርቁን ቀለም ይስባል። ስለዚህ ቢጫ ወርቅ ላይ ለሚቀመጥ ድንጋይ የ"ዲ" ወይም የ"ኢ" ዋጋ መክፈል ብር ማፍሰስ ነው። ከ"ጂ" እስከ "ጄ" ይበቃል። ነጭ ወርቅ ከሆነ ግን ከ"ኤች" ባትወርዱ ይሻላል።

ጥራት ማለት ውስጡ ያለው ነጥብና ስንጥቅ ነው። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይለካል። ማንም ሰው እጃችሁን ስቦ በአጉሊ መነጽር አያይም። ከጥራት ደረጃዎቹ "ቪኤስ2" (በጣም ጥቂት ጉድፍ ያለው) እና ብዙ ጊዜ "ኤስአይ1" (ጥቂት ጉድፍ ያለው) በባዶ አይን ጉድፍ አይታይባቸውም፤ እዚያ ላይ ቁሙ። "አይ1" (ጉድፉ የሚታየው) እና ከዚያ በታች ያለውን ግን እተወዋለሁ። ስንጥቁ በዝቶ ብርሃኑን ያፍነዋል፤ አንዳንዱም ሲመታ ይሰነጠቃል። አልማዝ አይጫርም እንጂ መሰንጠቅስ ይሰነጠቃል።

"ጥራቱ የተሻሻለ" ከተባላችሁ ግን ወዲያው ተመለሱ። ስንጥቁ እንደ መስታወት ባለ ነገር ተሞልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ቀለበቱን ለማስፋት ወርቅ ሠሪው እሳት ሲያስነካው መሙያው ይበላሻል።

ከመሬት የወጣው እና ላብ ውስጥ ያደገው

ቤተሰባችን ውስጥ ትልቁ ክርክር የነበረው እዚህ ላይ ነው። አባታችን "ሰው የሠራው ድንጋይ እንዴት አልማዝ ይባላል?" አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልስ ይገባዋል።

የተፈጥሮ አልማዝ ከመሬት በታች ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ፣ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት፣ ከካርቦን የተሠራ ነው። አብዛኛው ዕድሜው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል። በእሳተ ገሞራ ወደ ላይ ወጥቶ ዛሬ እንደ ቦትስዋና፣ አንጎላና ደቡብ አፍሪካ ባሉ አገሮች ይወጣል። የላብ አልማዝም ያው ካርቦን ነው። አንዱ መንገድ ያንኑ ግፊትና ሙቀት በማሽን መፍጠር ነው። ሌላው ከሚቴን ጋዝ ውስጥ ካርቦኑን እያወጡ በትንሽ ስስ የአልማዝ ቁራጭ ላይ ንብርብር በንብርብር ማሳደግ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰው ሠራሽ አልማዝ ማምረቱን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ለጌጥ የሚሆነው በብዛት የመጣው ግን በቅርብ ዓመታት ነው።

ጥንካሬያቸው አንድ ነው፤ የድንጋይ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት የሞስ መለኪያ ሁለቱም 10። የሚያበሩት አንድ ነው። ወርቅ ቤት ያለው፣ ድንጋይ ነክቶ የሚለየው ቴስተርም "አልማዝ" ይላቸዋል። የሚለያቸው የላቦራቶሪ መሣሪያ ብቻ ነው። አባታችንን ያሳመናቸው የችግኝ ምሳሌ ነበር። ጫካ የበቀለ ዋንዛ እና ጓሮ ተተክሎ ያደገ ዋንዛ ሁለቱም ዋንዛ ናቸው፤ ሲቆረጡ እንጨታቸው አንድ ነው። ዝም ብለው ቆዩና "ዋጋውስ?" አሉ።

ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው። ዲ ቢርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም የላብ አልማዝ ጌጥ መሸጥ ሲጀምር የአንድ ካራቱን ድንጋይ በ800 ዶላር አወጣው። ያኔ ይህ ርካሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየወረደ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ኩባንያው ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ተመሳሳይ መለኪያ ያለው የተፈጥሮ ድንጋይ ግን አሁንም ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው። ይህ ለገዢ ጥሩ ዜና ነው፤ የላብ አልማዝን እንደ ሀብት ለሚያይ ሰው ግን መጥፎ። ዛሬ የገዛችሁት ከርሞ የባሰ ሊረክስ ይችላል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ቀለበቱ በየቀኑ የሚደረግ ከሆነ፣ በጀቱ ውስን ከሆነ፣ እሷም "ከመሬት ካልወጣ" የማትል ከሆነ፣ የላብ አልማዝ ግዙ፤ የተረፈውን ብር ወርቅ ላይ ጨምሩ። የተፈጥሮ አልማዝ የሚገዛው ያ የመሬቱ ታሪክ ከልቡ ደስ የሚለው፣ ደግሞም ትንሽ ድንጋይ ለመግዛት የማያፍር ሰው ነው። ጥሩ የተቆረጠ 0.30 ካራት የተፈጥሮ አልማዝ ከጭጋጋማ 0.80 በእጅጉ ያምራል። በአካል አይቻቸዋለሁ።

የተፈጥሮ ከሆነ ከየት መጣ ማለትም አይከፋም። ሽያጩ ለጦርነት የሚውል አልማዝ ገበያ እንዳይገባ ኪምበርሊ ፕሮሰስ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይሠራል። የሚመለከተው ግን ያልተቆረጠውን ድንጋይ ነው። ስለዚህ ከታወቀ ሻጭ መግዛት አሁንም ዋጋ አለው።

በሻጭ በኩል አንድ ነገር እንዳትለቁ። የላቡን የላብ፣ የተፈጥሮውን የተፈጥሮ ብሎ በደረሰኝ ላይ ይጻፍላችሁ። "ሁለቱም አልማዝ ነው" ብሎ የተፈጥሮን ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞናል።

አልማዝ ያልሆኑት

ሞይሳናይት ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ኬሚስት ከአንሪ ሞይሳን ነው፤ እሱ ማዕድኑን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893፣ አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ (ሜትሮራይት) ናሙና ውስጥ ነው። የዛሬው የሚሠራው በፋብሪካ ነው። ጥንካሬው 9.25 ነው፤ ለዕለት ቀለበት ከበቂ በላይ። ቀስተ ደመናው ከአልማዝ ይበልጣል። መብራት ስር ሲሆን ቀይና ሰማያዊ ይረጫል። አንዳንዱ ሰው ይወደዋል፣ ለአንዳንዱ ይበዛበታል። ዋጋው ከአልማዝ ይልቅ የሚቻል ነው። ሞይሳናይት ነው ተብሎ በሞይሳናይት ዋጋ ከተሸጠ በደስታ የምመክረው ድንጋይ ነው። ችግሩ አልማዝ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። በሙቀት የሚሠራው ተራ ቴስተር አይለየውም፤ "አልማዝ" ብሎ ይጮሃል።

በየሱቁ ዚርኮን የሚሉት ሌላ ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የሆነ ሰው ሠራሽ ድንጋይ። ጥንካሬው 8 ገደማ። አዲስ ሲሆን ያምራል፤ ከጊዜ ጋር ጠርዙ እየተፋቀ ይደበዝዛል። ለአንድ ቀን ፎቶ ይሆናል፤ ለዕድሜ ልክ ቀለበት ግን አልሰጥም። ከስምንት ዓመት በፊት እኔ ራሴ አልማዝ ተብሎ የጆሮ ጌጥ ገዝቻለሁ። ከሱቅ ነው፣ ደረሰኝም ነበረው። ደረሰኙ ላይ ግን የተጻፈው "የጆሮ ጌጥ" ብቻ ነበር። አንዱ ድንጋይ ወልቆ ላስተክል ስሄድ ወርቅ ሠሪው በቴስተር ነካው። አልጮኸም። ሌላኛውንም ነካው። ዝም። ስመለስ ሱቁ "እኛ አልማዝ አላልንም" አለኝ። በእጄ የያዝኩት ወረቀትም ከእነሱ ጋር ነበር የተስማማው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ግማሹ ለዚያ ነው።

የአገራችንን ድንጋይ ማለፍ አልፈልግም። ወሎ፣ ደላንታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል ዓለም የሚያደንቀው ነው፤ ውስጡ እሳት ያለ ይመስላል። ግን ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን 7 ስለሆነ ይጭረዋል። የወሎው ኦፓል ደግሞ ብዙው ውኃ ይጠጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሊጥ የሚያቦካ፣ ልብስ የሚያጥብ እጅ ላይ አይቆይም። ለሐብልና ለጆሮ ጌጥ ግን አልማዝን የሚያስንቅ ነው። ቀለም ያለው ቀለበት የምትፈልግ ሙሽራ ካለች ሳፋየር ትይ፤ 9 ጥንካሬ አለው።

ወርቅ ቤት ስትገቡ

ወርቅ ቤቶች ጣሪያቸው ላይ ትንንሽ ኃይለኛ መብራት አላቸው። እዚያ ስር ሁሉም ያብለጨልጫል፤ ዚርኮኑም፣ ሞይሳናይቱም፣ መጥፎ የተቆረጠውም። እኔ ሻጩን "ይፍቀዱልኝና በሩ ላይ ልየው" እላለሁ። አብሮኝ ይወጣል፤ ማንም እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ባሕር ዳር ከሆናችሁ መንገዱ ዳር ካለው ዘንባባ ጥላ ስር እዩት። ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ጥሩ አልማዝ እንኳ የጠቆረ ይመስላል። ጥላ ውስጥ ሆኖ መሀሉ ብሩህ የሆነ፣ ሲንቀሳቀስ ነጭና ጥቁሩ እየተፈራረቀ የሚታይ ከሆነ ጥሩ ተቆርጧል። እዚያ ድብዝዝ ካለ የሱቁ መብራት ነበር ያሳመረው።

ከዚያ ሰርተፍኬት። በጣም የሚታመነው ጂአይኤ የተባለው መርማሪ ላቦራቶሪ ነው፤ ለላብ አልማዝ አይጂአይ የተባለው ሌላ ላቦራቶሪም በብዛት ይታያል። ወረቀት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ድንጋዩና ወረቀቱ የአንድ መሆናቸውን ማየት አለባችሁ። ብዙው ባለ ሰርተፍኬት ድንጋይ ወገቡ ላይ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር አለው። በአጉሊ መነጽር ይነበባል። ቁጥሩን የላቦራቶሪው ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፤ ክብደቱና ስፋቱ ከፊታችሁ ካለው ጋር ይስማማ። ሱቁ ራሱ ያተመው ሰርተፍኬት ግን ለእኔ ወረቀት ብቻ ነው።

ድንጋዩ ገና ቀለበት ላይ ካልተተከለ የወርቅ ሚዛኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የኛ ድንጋይ ከዱባይ ሲመጣ ለምናውቃቸው ወርቅ ሠሪ ወሰድነው። ወንድሜ "ጋሼ፣ እስቲ ይመዝኑልን" አላቸው። በወረንጦ አንስተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። 0.10 ግራም አለ፤ ልክ ግማሽ ካራት። ከመሳቢያቸው እኩል ስፋት ያለው ዚርኮን አወጡና ጎኑ አስቀመጡት፤ በአይን መንታ ነበሩ። ያንን ሲመዝኑት 0.17 አለ። ዚርኮን ከአልማዝ በጣም ይከብዳል። ወንድሜ የያዘውን ትንፋሽ የለቀቀው ያኔ ነው።

ሞይሳናይትን ግን ሚዛን በቀላሉ አይለየውም፤ ክብደቱ ለአልማዝ ይቀርባል። እሱን በአጉሊ መነጽር ነው የምትይዙት። ድንጋዩን ትንሽ አዘንብላችሁ ወደ ውስጥ ስታዩ የታችኛው ገጽ መስመሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። አልማዝ ውስጥ መስመሩ አንድ ነው። በትንፋሽ ማደብዘዝ፣ ውኃ ውስጥ መጣል፣ መስታወት መጫር የሚሉትን ተዉአቸው። መስታወትን ሞይሳናይትም ዚርኮንም ይጭራሉ።

ደረሰኙ ላይ ምን ይጻፍ? አልማዝ መሆኑ፣ የተፈጥሮ ወይም የላብ መሆኑ፣ ክብደቱ፣ የሰርተፍኬት ቁጥሩ፣ የወርቁ ካራትና ግራም። የእኔን የጆሮ ጌጥ አስታውሱ። ባይስማማን እስከ ስንት ቀን እንመልሳለን? ይህም ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ሱቅ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

አቀማመጡ

ድንጋዩን ከፍ አድርገው በአራት ወይም በስድስት ቀጭን የወርቅ ጥፍር የሚይዙት አለ። ብርሃን በደንብ ያስገባል፣ ያምራል። ግን ጥፍሩ የነጠላ ክር ይይዛል። ክሩ ሲጎትተው ቀስ በቀስ ይከፈታል፤ አንድ ቀን ድንጋዩ የለም። ሌላው ዙሪያውን በወርቅ የሚታጠረው ነው። ትንሽ ብርሃን ይቀንሳል፤ ድንጋዩን ግን ይጠብቃል፣ ጨርቅም አይዝም። በየቀኑ ለምትሠራ ሴት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የጥፍሩን ከመረጣችሁ ባለ ስድስቱ ይሁን፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለወርቅ ሠሪ አሳዩት። ወርቁን 18 ካራት አድርጉት፤ 21 ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ ለመያዝ ይቸገራል።

እኛ በመጨረሻ የገዛነው የላብ አልማዝ ነው። ግማሽ ካራት፣ ቀለሙ "ጂ"፣ ጥራቱ "ቪኤስ2"፣ አቆራረጡ "ኤክሰለንት"፤ በ18 ካራት ቢጫ ወርቅ የታጠረ። በተረፈው ብር ወንድሜ የወርቅ ሐብል ጨመረላት፤ ጥሎሹ ሲቆጠር ሽማግሌዎቹ እጃቸው ላይ መዘን መዘን ያደረጉት ሐብሉን ነበር።

በሚያዝያ የወንድሜ ሚስት ባሕር ዳር መጣች። ቀለበቷን አውልቃ "እታለም፣ ድንጋዩ ሞተ" አለችኝ። እውነትም አመድ መስሏል። አልተበላሸም። አልማዝ ቅባት ይወዳል፤ በድሮ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አልማዙን ከጠጠር የሚለዩት ቅባት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በውኃ እያሳለፉት ነበር፤ ጠጠሩ ይሄዳል፣ አልማዙ ይጣበቃል። እሷም ቅቤ የተቀባ ፀጉሯን ስትሠራ፣ ወጥ ስትሠራ፣ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር። ለብ ያለ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አደረግን፣ ጥቂት ላርጎ ጠብ አደረግንበት፣ ሩብ ሰዓት ዘፈዘፍነው። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከታች በኩል፣ ድንጋዩ ከወርቁ ጋር የሚገናኝበትን፣ ቀስ ብለን አሸነው። ሳህኑ ውስጥ እንጂ ከክፍት ቧንቧ ስር አላጠብነውም፤ ቢያመልጥ ከውኃው ጋር ይሄዳልና። በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ መስኮቱ ጋ ወሰደችው፣ እጇን ዘርግታ አገላበጠችው፣ ከዚያ ስልኳን አንስታ ወንድሜ ጋ ደወለች።